ነጠላው አምሮ ፊቱ ለምን ጨለመ? የቤተሰብ ፎቶ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የመጀመሪያዋ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ካሜራ አንግቼ ዋልኩ። ማታ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የእናቴ ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፊቷ ግን ጨለማ ነው። ልጄን ታቅፋ ጎንበስ ብላ ስትስማት ባነሳሁት ፎቶ ላይ ዓይኗ የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አይለይም። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ካሜራው ምንም አልሆነም፤ እኔ ያላየሁት ብርሃኑን ነበር።

ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አይደለም። የማነሳው የቤተሰቤ ፊት ስለሚያሳሳኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ስልኬ አረጀ፣ ፎቶ አያነሳም» የሚለኝ ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የተበላሸውን ፎቶ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ አዲስ ስልክ መግዛት አያስፈልግም፤ ብርሃኑ ከየት መጥቶ ፊቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት ይበቃል።

ልብሱ ቁልጭ ብሎ ፊቱ ጨልሟል

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ ማውጣት ነው የሚያውቀው፤ ባለሙያዎች 18 በመቶ ግራጫ የሚሉት ማለት ነው። ክርስትና፣ ጥምቀት ወይም መልስ ላይ ግን ምስሉ በሐበሻ ቀሚስ፣ በነጠላና በጋቢ ይሞላል። መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከዚያ በታች ወርዶ ይጨልማል። አዳዲስ ስልኮች ፊት ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ነጩ ሲበዛ ግን እነሱም ይሳሳታሉ።

በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርጉና የፀሐይ ምልክት ብቅ ሲል ጣታችሁን ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። በካሜራ ከሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ +0.7 ወይም +1 ከፍ አድርጉት። ነጠላው ትንሽ ከመጠን በላይ ሊነጣ ይችላል፤ ይንጣ። ከልብሱ ፊቱ ይቀድማል።

ከቁልፉ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። እናቴን መስኮት አጠገብ ካስቀመጥኳት በኋላ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ እዘረጋዋለሁ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጋቢው ላይ አርፎ ወደ ፊቷ ይመለሳል፤ አገጯ ሥርና ዓይኗ ሥር የነበረው ጥላ ይሳሳል፣ ዓይኗ ውስጥም ትንሽ ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያቺ ነጥብ ስትኖር ፊቱ ሕይወት ይዘራል። ባለሙያዎች ለዚሁ ሥራ ነጭ ሰሌዳ ይገዛሉ፤ እኛ ቤት ነጠላም ጋቢም አለ።

ዓይን ጉድጓድ ሆኗል፣ ሰዉ ሁሉ ተጨማዷል

ይህ የፋሲካ ቀን ፎቶ ነው። ምሳ ተበልቶ ሁሉም ወደ ግቢ ይወጣል፤ «ኑ ፎቶ እንነሳ» ይባላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ፋሲካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርና አፍንጫን ያበራል፤ ዓይንን ግን ጥላ ውስጥ ይተወዋል።

ሰዎቹን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ቤቱ ጥላ አስገቧቸውና ፊታቸውን ወደ ውጭው ብርሃን አዙሩ። የዛፍ ጥላ ከሆነ በቅጠል መሃል የሚወርደው የብርሃን ነጠብጣብ ፊት ላይ እንዳያርፍ ተመልከቱ፤ አንዲት ነጠብጣብ ጉንጭ ላይ ካረፈች ፎቶው ተበላሸ። መቆየት የሚቻል ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ ይለሰልሳልም። ድንኳን ሥር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ፊቱም ሰማያዊ፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይሆናል። ወደ ድንኳኑ ጫፍ፣ የውጭው ብርሃን ወደሚገባበት ቦታ ወስዳችሁ አንሷቸው።

ቡና ሲፈላ ያነሳሁት ሁሉ ደበዘዘ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ከቤተሰብ ፎቶ ሁሉ የምወደው የቡናውን ነው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ክፍሉ ደብዘዝ ይላል፣ ጭሱ አለ፣ እጅ አያርፍም፣ በሩ ከኋላ ተከፍቷል። «ደበዘዘ» የሚባለው ደግሞ አንድ ችግር አይደለም፤ ቢያንስ አራት ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፎቶውን አሳድጉና ረከቦቱን ተመልከቱ።

ረከቦቱም ሲኒዎቹም ፊቱም እኩል ከተንቀጠቀጡ የተንቀሳቀሰው የእናንተ እጅ ነው። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ፣ ወይም መቃኑን ተደገፉ። ዙም አታድርጉ፤ ተጠጉ። ዙም ምስሉን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል።

ረከቦቱ ጥርት ብሎ የምትቀዳው እጅ ብቻ ከተበተነ የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ፍጥነት አንሷል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው 1/60 ሰከንድ ይበቃል፤ እያወራ ለሚስቅ 1/125፣ ለሚሯሯጥ ልጅ 1/500 ያስፈልጋል። ክፍሉ ጨለም ካለ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ አድርጉ። ፎቶው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይታያል፤ እኔ በበኩሌ አሸዋውን ከብዥታው እመርጣለሁ። በስልክ የሌሊት የሚባለውን ማንሻ ለሚንቀሳቀስ ሰው አትጠቀሙበት፤ ብርሃኑን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሰበስብ ልጁ በመሃል ይዞራል።

ረከቦቱ ጥርት ብሎ ፊቱ ብቻ ከፈዘዘ ፎከሱ ቦታውን ስቷል። ካሜራው የቀረበውንና ጎላ ያለውን ነገር ያዘ ማለት ነው። ፊቱን ነክታችሁ፣ ከፊቱም ለካሜራው የሚቀርበውን ዓይን መርጣችሁ አንሱ።

ሁሉም ነገር ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ደግሞ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የሌንሱ መቆሸሽ ነው፤ በበዓል ቀን ቅቤ የነካ ጣት ስልኩን መንካቱ አይቀርም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወስዳችሁ በቀስታ ጥረጉት። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያበራው ቅርብ ያለውን የዕጣን ጭስ ነው፤ በመካከል ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል፣ እናትም ከመጋረጃው ኋላ ትቀራለች። ፍላሹን አጥፉ።

ፍላሹ ከጠፋ በኋላ ጭሱ ራሱ ውበት ይሆናል። ብርሃኑ ከበሩ እንዲገባና እናንተ ከበሩ ጎን እንድትሆኑ ቁሙ፤ ከጭሱ ኋላ ያለው ግድግዳ ጨለም ያለ ይሁን። እናቴ የተቆላውን ቡና ይዛ ለማሽተት ስታዞር ጭሱ ከምጣዱ ተነስቶ በብርሃኑ መሃል ሲያልፍ እያንዳንዱ ክር ይታያል። እንግዳው በእጁ ጭሱን ወደ ፊቱ ሲስብ ያለችው ቅጽበት አንድ ሰከንድ አትሞላም፤ ስለዚህ ቀድሜ ቦታዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

የቀለም መዘበራረቅና መስመር

ግማሽ ፊት ብርቱካን፣ ግማሹ ሰማያዊ ከሆነ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ተቀላቅሏል። አምፖሉን አጥፉ። ፎቶው ላይ አግድም ጥቋቁር መስመሮች ከተጋደሙ መብራቱ ነው፤ በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ያስተካክለዋል።

ካሜራ ሲያዩ ይደርቃሉ

አክስቴ ስትስቅ ቤቱ ይሞቃል፤ ካሜራ ካየች ግን እንደ ጉርድ ፎቶ ቀጥ ትላለች። ምክንያቱን ስረዳ ልቤ ተነካ። እሷ ባደገችበት ዘመን ፎቶ ማለት ልብስ ተለውጦ፣ ፀጉር ተሠርቶ፣ ተከፍሎ፣ ፎቶ ቤት ተሄዶ የሚነሱት ነበር። ሰው በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ለክብሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ከምኒልክ ዘመን እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያነሱት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች የተዉልንን ምስሎች ያየ ሰው ያን አቋቋም ያውቀዋል።

ስለዚህ ያን ፎቶ አትንፈጓቸው። «ቆይ ልጄ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» ሲሉ ጠብቁ፤ እንደፈለጉት አንድ አንሱላቸውና አሳዩአቸው። ከዚያ «አለቀ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ካሜራውን ሳታስቀምጡ ትንሽ ቆዩ። ትከሻቸው ረገብ የሚለውና ፈገግ የሚሉት ያኔ ነው። እጃቸው ሥራ ሲይዝም ይረሱታል፤ ምስር ሲለቅሙ፣ የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ሲሠሩ። አትነሱኝ ካሉ ግን አታንሷቸው።

ለልጆች ደግሞ ተንበርከኩ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ጭንቅላቱ ገዝፎ እግሩ ያጥራል፤ በዓይኑ ልክ ስትወርዱ የሚያየውን ዓለም ታያላችሁ።

በቡድን ፎቶ ዳር ያሉት ሰፍተዋል

ስልኩ ሰፊ ሌንስ ስላለው ዳር ላይ ያለውን ሰው ይለጥጠዋል። ወደ ኋላ ራቁና ስልካችሁ የ2 እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ዳርና ዳር ትንሽ ባዶ ቦታ ይቅር። ሽማግሌዎችን መሃል አስቀምጡ፤ ለክብሩም ለሌንሱም ይበጃል። ሁለት ረድፍ ከሆነና ካሜራ ከያዛችሁ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ወደ f/8 አጥብቡት፣ አለዚያ የኋላው ረድፍ ይፈዛል። ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ስለማይጠፋ ቢያንስ አምስት ደጋግሙ።

ፎቶ አንሺው የለም

የአራት ዓመት ፎቶ አንድ ላይ ስንመለከት ልጄ «አባ፣ አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መፍትሄውም ቀላል ነው። የ10 ሰከንድ ቆጣሪ አለ፤ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ማቆም ይቻላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ካሜራውን ለልጅ ስጡት። ልጄ ያነሳችኝ ፎቶ ዘመም ብሏል፣ ግማሽ ጆሮዬ ተቆርጧል፤ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ግን እሱን ነው።

ውጭ አገር ላሉት ፎቶውን ስልከው ጥራቱ ጠፋ

ዋሽንግተን ላለው ወንድማችሁ በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶው እንዲፈጥን ተጨምቆ ይሄዳል፤ ሲያሳጥበው ይደበዝዛል። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ዋትስአፕም ላይ እንደ ሰነድ መላክ ይቻላል። ሌላው የቀን ነገር ነው። የካሜራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ከስልኩ ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት ይመጣና የአንድ ድግስ ፎቶ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ካሜራውን ከስልኩ ጋር አንድ አድርጉትና የማኅደሩን ስም በእኛ ዘመን ጻፉት፤ «2017 ፋሲካ» በቂ ነው።

በስሕተት ከካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ ካለ ካርዱን ወዲያው አውጡት፤ አንድም ፎቶ አትጨምሩበት። ስሙ ከዝርዝሩ ቢሰረዝም ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ፤ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ይወጣል።

የድሮው ፎቶ ሲነሳ ያብረቀርቃል

የአያቶችን ፎቶ በስልክ ስትገለብጡ ነጭ ብልጭታ የሚያርፍበት ፍላሹ ወይም የኮርኒሱ መብራት ነው። ሁለቱንም አጥፉ፤ ፎቶውን መስኮት ጎን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና ስልኩን ከላይ ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። ነጭ ሸሚዝ ከለበሳችሁ እሱም ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር ልበሱ። ሙጫ ባለው ባለ ፕላስቲክ አልበም ላይ የተጣበቀ ከሆነ በጉልበት አትላጡት፤ መጀመሪያ ባለበት አንሱት፣ ከዚያ ቀጭን የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ለዩት።

ከተለየ በኋላ ጀርባውን ለእናት ወይም ለአያት አሳዩና እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ስማቸውን በቢክ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ይዘልቃል። ለስላሳ እርሳስ ያዙ፤ ፎቶውን ጠንካራ ነገር ላይ ገልብጡት፣ ሳትጫኑም ጠርዙ ላይ ጻፉ፦ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የት እንደተነሳ።