ከመለሰኑ በፊት ይታይ፦ የልብስ ማድረቂያ ማሽን አየር ማውጫ ከውጭ አገር ሆኖ ማሠራት

አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሰው ብዙውን ነገር በስልክ ይጨርሳል። ቀለም በፎቶ ይመረጣል፤ ሴራሚክም በቪዲዮ ይታያል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር ግን ሌላ ነው። አንዴ ከተለሰነ በኋላ ስህተቱን ማንም አያየውም። የልብስ ማድረቂያ ማሽን አየር ማውጫ ቱቦ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀላል ስለሚመስል ደግሞ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር ልትልኩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ማሞቂያው 240 ቮልት ሲወስድ ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት ይፈልጋል። እኛ ጋ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ይስማማል። ከዱባይ የምትልኩም አትቸገሩም። የሳዑዲ መብራት ግን 60 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከዚያ የምትገዙ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ቤቱ አልቆ ከሆነ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ የእኔ ምክር ቱቦ የማይፈልገውን የሂት ፓምፕ ማድረቂያ መግዛት ነው። ከልብሱ የሚወጣውን ውሃ በራሱ ገንዳ ያጠራቅማል፤ መብራትም ይቆጥባል። የኮንዶሚኒየም የውጭ ግድግዳ የጋራ ንብረት ነውና ለመብሳት ማኅበሩን ማስፈቀድ አለባችሁ። ለአንድ ቀዳዳ ያ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።

ቤቱ ገና በብሎኬት ደረጃ ላይ ከሆነና ቱቦ ያለው ማሽን ከፈለጋችሁ ግን አሁን ነው ጊዜው። ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ በ10 ብሎኬት፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው፣ ውስጥ አይቀበርም። በ15ቱም ቢሆን ግድግዳውን ቦርቡሮ ከማዳከም በቀር ትርፍ የለውም። የሚሻለው ማሽኑን የውጭ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ውጭ ማሳለፍ ነው። ያኔ በ20 ብሎኬት ውስጥ የሚያልፈው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ፎርማኑ «ትንሽ ዞር አድርገን በኮርኒስ እናወጣዋለን» ካለ እሺ እንዳትሉ። እርጥብ አየርና የጨርቅ ብናኝ ኮርኒስ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ መጀመሪያ ሻጋታ ይመጣል፤ ከዚያም የእሳት ስጋት። ቤቱን የተሸከመው ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ) ደግሞ በፍጹም አይነካም።

እሳቱን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት የእሳት አደጋ አስተዳደር ግምት፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በልብስ ማድረቂያ ምክንያት በየዓመቱ ወደ 2,900 የመኖሪያ ቤት ቃጠሎዎች ደርሰዋል። ዋናው ምክንያት አለማጽዳት ነው። ብናኙ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቱቦው ውስጡ ልሙጥ የሆነ ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ይሁን። የሽንት ቤት ፒቪሲ አይሆንም፤ እንደ አኮርዲዮን የሚጨማደደው ቱቦም ግድግዳ ውስጥ አይገባም። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ሲገጣጠሙ የጠበበው ጫፍ ወደ ውጭ ይዙር። መጋጠሚያው ብሎን አይመታበት፤ የብሎኑ ጫፍ ብናኝ ይይዛል። ሙቀት በሚችል የአሉሚኒየም ፕላስተር ይጠቅለል።

ከውጭ በኩል በአየር ግፊት የሚከፈት፣ ማሽኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ዕቃ ስለሆነ ከምትኖሩበት አገር ገዝታችሁ በሻንጣ ላኩት። ወንፊት ያለበትን አትግዙ፤ ይደፈናል። ቀዳዳው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ አለበለዚያ የክረምቱ ዝናብ ወደ ቤት ይገባል። ከመሬትም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይዞር አደራ።

አሁን ከሩቅ መቆጣጠሩ። «አልቋል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ቱቦው ገብቶ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ሜትር ተዘርግቶበት ከውስጥም ከውጭም ቪዲዮ ይነሳ። የሚያነሳው ሠራተኛው ራሱ ሳይሆን የእናንተ ሰው ይሁን፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ማንም ቢሆን። አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከሥራ በፊት በቀጥታ ጥሪ ለማየት ምቹ ሰዓት ነው። በሚለሰንበት ጊዜ የቱቦው ሁለቱም ጫፎች በላስቲክ ይታሰሩ፤ ውስጡ የገባ ሲሚንቶ ደርቆ ከቀረ የሚያወጣው የለም። ልስን ሲያልቅ ላስቲኩ መነሳቱንም አረጋግጡ።

ኤሌክትሪሺያኑ ለማሽኑ የብቻው መስመር ይሳብለት። 2,500 ዋት የሚወስድ ማሽን ከ11 አምፒር በላይ ይስባል፤ ከምጣድና ከውሃ ማሞቂያ ጋር አንድ ብሬከር አይጋራም። 2.5 ሽቦ፣ 16 አምፒር ብሬከርና የሚሠራ ግራውንድ ይኑረው።

የመጨረሻውን ክፍያ ማሽኑ ተገጥሞ እስኪሞከር ያዙት። ይህንን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩበት፤ መጨረሻ ላይ ስትሉት ጭቅጭቅ ይሆናል። ሲሞከር የእናንተ ሰው ውጭ ቆሞ ክዳኑ ሲከፈትና ሞቅ ያለ አየር ሲወጣ ያሳያችሁ። ከዚያ በኋላ የማሽኑ ማጣሪያ ከእያንዳንዱ ማድረቅ በኋላ ይጸዳል፤ ይህንን ለእናታችሁ ወይም ለቤት ሠራተኛዋ በስልክ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ አሳዩአቸው። በጋውን ፀሐይ ስላለ ማሽኑ ለወራት ሳይነካ ሊቆም ይችላል። ሰኔ ሳይገባ ክዳኑ ተከፍቶ ወፍ ጎጆ እንዳልሠራበት አንድ ሰው ይይላችሁ።