ኤኤቪን በሜዳ ላይ፦ የጂን ሕክምና ቫይረስ ወደ ህዋስ አገባቡን በልኬት ሞዴል ማስተማር

ጎንደር ውስጥ በመሰናዶም ሆነ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ይህን ርዕስ ስታስተምሩ፣ ተማሪው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ባክቴሪያን የሚያጠቃውን ቫይረስ፣ የፌጅን ሥዕል ነው፤ ባክቴሪያ ላይ ቆሞ ዲኤንኤውን እንደ መርፌ የሚወጋውን። ለጂን ሕክምና የሚውለው ኤኤቪ (አዴኖ-አሶሺዬትድ ቫይረስ) ግን አይወጋም። ከነቅርፊቱ ይገባል፤ ከባዱ ሥራ የሚጀምረውም ከገባ በኋላ ነው። ይህ የሚታየው ሁሉም ነገር በአንድ ልኬት ሲሠራ ነው፦ 1 ናኖሜትር በ1 ሴንቲሜትር።

መጀመሪያ ቅርፊቱ። ኤኤቪ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 25 ሴንቲሜትር ይሆናል። 75 በ35 ሴንቲሜትር በሆነ ካርቶን ላይ ጎኑ 13 ሴንቲሜትር የሆነ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን 20 ጊዜ ንደፉ፤ 5 ከላይ፣ 10 በመሃል ተያይዘው፣ 5 ከታች። የሱቅ ማሸጊያ ካርቶን ይበቃል፤ ግን ማጠፊያ መስመሩን በማስመሪያና በደነዘዘ ነገር አስቀድማችሁ ካልተጫናችሁት ጠርዙ ይጣመምና መጨረሻ ላይ አይገጥምም።

በየፊቱ 3 ክብ ሳሉ፤ 60 ፕሮቲኖች ናቸው። 50ውን ነጭ (ቪፒ3)፣ 5ቱን ቢጫ (ቪፒ2)፣ 5ቱን ቀይ (ቪፒ1) አድርጉ። በሥርዓት አትደርድሯቸው፤ በእውነተኛው ቫይረስ ላይ ቋሚ ቦታ የላቸውም፣ ብዛታቸውም ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው ይለያያል። 12ቱን ጫፎች በ1 ሴንቲሜትር ብሱ። ከእያንዳንዱ ቀይ ክብ በስተውስጥ ቀይ ክር አጣብቁና ጫፉን ቅርብ ከሆነው ቀዳዳ ሥር ደብቁት። ይህ ክር የቪፒ1 ጅራት ነው፤ የትምህርቱ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና አትዝለሉት።

ቀጥሎ ዘረመሉ። 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው 16 ሜትር ገመድ ያዙ፤ 4,700 የዲኤንኤ ፊደላት ማለት ነው፣ እያንዳንዱ 0.34 ናኖሜትር። በሁለቱም ጫፍ 49 ሴንቲሜትር ያህሉን ቀቡት። ከቫይረሱ ከራሱ የቀረው ይህ ብቻ ነው፣ በየጫፉ 145 ፊደል፤ መሃሉ ለታማሚው በሚያስፈልገው ጂን ተተክቷል። ስለዚህ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ራሱን ሊያባዛ አይችልም። አንድ ተማሪ 37 ሜትር ገመድ ጠቅጥቆ ካርቶኑን ለመዝጋት ይሞክር። የጡንቻው ፕሮቲን የዲስትሮፊን መመሪያ 11,000 ፊደል ገደማ ስለሆነ ለምን አጥሮ እንደሚጫን ያኔ ይገባዋል። ቀጭን ሲባጎ ከተጠቀማችሁ ግን 37 ሜትሩም ይገባል፤ ትምህርቱም ይበላሻል።

ሜዳው ህዋሱ ነው። 20 ማይክሮሜትር የሆነ ህዋስ በዚህ ልኬት 200 ሜትር ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳን ርዝመት እጥፍ ያህላል። ሙሉውን መሥራት አያስፈልግም። ከሽፋኑ እስከ ኒውክለስ 70 ሜትር ለኩና ችካል ትከሉ። በክረምት ካርቶኑ ስለሚረጥብ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ።

ሽፋኑ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። የሱፍ ክር አንጠልጥሉበት፤ ከኤኤቪ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኤኤቪ2 መጀመሪያ የሚይዘው ሄፓራን ሰልፌት የተባለ የስኳር ሰንሰለት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተለየው ኤኤቪአር የተባለ ተቀባይ ያገኘዋል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ውድቀት አሳዩ፦ ከወረቀት 15 ሴንቲሜትር የሆኑ ባለ ሹካ ፀረ እንግዳ አካላት ቆርጣችሁ ቅርፊቱን አልብሱት። ክሩን መንካት ያቅተዋል። ብዙ ሰው በተፈጥሮ ኤኤቪ ይዞት ስለሚያውቅ እነዚህን በደሙ ይዞ ይኖራል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ምርመራ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ተማሪዎች 1 ሜትር ያህል በሆነ ላስቲክ ቫይረሱን ጠቅልለው ወደ ውስጥ ይውሰዱት። ይህ ኤንዶሶም ነው። ብዙ መምህር እዚህ ጋ «ገባ» ብሎ ያቆማል፤ አታቁሙ። ቫይረሱ ገና ከረጢት ውስጥ ታስሯል። ውጪ 7.4 የነበረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 5.5 ይወርዳል። ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ 5.5 ሲባል ተማሪው ቀዮቹን ክሮች በቀዳዳዎቹ ይሳባቸው። ጅራቱ የሽፋኑን ቅባት የሚቆርጥ ኢንዛይም ይዟል፤ ላስቲኩን ቀዳችሁ ቫይረሱን አውጡ። ቀይ ክር የሌለው ሁለተኛ ሞዴልም ሥሩ፦ እኩል ይጣበቃል፣ እኩል ይገባል፣ ከከረጢቱ ግን አይወጣም፤ ላይሶሶም በተባለው የህዋሱ መፍጫ ከረጢት ውስጥ ይፈጫል።

ወደ ኒውክለስ ቫይረሱን አትወርውሩት። የህዋሱ ውስጥ በፕሮቲን የተጨናነቀ ስለሆነ በማይክሮቱቡል ሐዲድ ላይ ተጎትቶ ነው የሚሄደው፤ ገመድ ዘርግታችሁ በእጅ አስተላልፉት። የኒውክለሱ በር 40 ሴንቲሜትር የሆነ የሽቦ ቀለበት ነው። በጨርቅ ቁራጮች ካልሸፈናችሁት ተማሪው «ትንሽ ስለሆነ ያልፋል» ብሎ ይሄዳል። የሚያሳልፈው ግን ያው የወጣው ጅራት ላይ ያለው የይለፍ ምልክት ነው።

ኒውክለስ ውስጥ ቅርፊቱን ክፈቱና ገመዱን አውጡ። ነጠላ ስለሆነ ህዋሱ ሁለተኛውን ሰንሰለት እስኪሠራለት ጂኑ አይነበብም፤ ሁለተኛ 16 ሜትር ገመድ አጠገቡ ዘርጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የዓይን ሕክምና ሉክስተርና በዚሁ በኤኤቪ2 ይሠራል፤ ለአንድ ዓይን 150 ቢሊዮን ቅንጣት በ0.3 ሚሊ ሊትር ሬቲና ሥር ይሰጣል። ተማሪዎች ይህን ያህል ለምን እንዳስፈለገ ከጠየቁ፣ ሜዳው ላይ የቀሩትን ሞዴሎች ያሉበት ቦታ ድረስ ሄደው እንዲቆጥሩ አድርጉ።