ሐረጎ ላይ ዝም ያለችው ሳተላይት፦ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ወራት በፊት ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር የጫማ ካርቶን የምታክል የሳተላይት ሞዴል ሠርተን ከከተማው በላይ ያለው የሐረጎ ዳገት አናት ላይ አስቀመጥናት። እኛ ታች ከተማው ውስጥ ሆነን ሙቀቷንና የባትሪዋን መጠን በሬዲዮ መቀበል ጀመርን። 40 ደቂቃ ሠራችና ዝም አለች። ሚኒባስ ተሳፍረን ዳገቱን ወጣን። ጭጋጉ ውስጥ ስናገኛት መብራቷ በርቷል፣ ኮምፒውተሯ ግን ስታክ አድርጓል። አጥፍተን ስናበራት ወዲያው ሠራች።

ዋናው ስህተታችን ያኔ ገባኝ። ኮዱን የጻፍነው ሰው እንደሚደርስለት አድርገን ነው። እውነተኛው ሳተላይት 600 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርቅ ማን ወጥቶ ያበራዋል?

ዋችዶግ እኮ ነበረን። ዋችዶግ ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» እንዲለው የሚጠብቅ ሰዓት ቆጣሪ ነው። «አለሁ» ካልተባለ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርገዋል። እኛ ግን «አለሁ» የምትለዋን የኮድ መስመር ለብቻው የሚሮጥ ሌላ ታይመር ውስጥ ከተትናት። ዋናው ፕሮግራም የሙቀት ሴንሰሩን መልስ ሲጠብቅ ደርቆ ቀረ፤ ታይመሩ ግን «አለሁ፣ አለሁ» ማለቱን ቀጠለ። መስመሯ መግባት ያለባት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ዋናው ፕሮግራም ደጋግሞ በሚዞረው በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ ነው።

ሌላው ስህተት ዳታን ሁሉ እኩል ማየት ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው የመጠቀችው። እንደሷ ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ከአንድ የምድር ጣቢያ በላይ ሲያልፍ የሚታየው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። በሰከንድ 9,600 ቢት ብትልኩ በዚያ ጊዜ የሚወርደው 720 ኪሎባይት ነው። የስልካችሁን አንድ ፎቶ እንኳ ላያክል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪው፣ የሙቀቱና የስህተቶች መዝገብ ይውረድ። ፎቶ በኋላ ይደርሳል። ያረጀውንም ፋይል አጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ሮቦት ተሽከርካሪ ስፒሪት ፋይል ስለበዛባት ከ60 ጊዜ በላይ ሪስታርት አድርጋለች። መሐንዲሶቹ ያዳኗት ፋይሎቹ ያሉበትን ሜሞሪ ሳትነካ እንድትነሳ አዝዘው፣ ፋይሎቹን በመሰረዝ ነው።

ሜሞሪውን ማመንም አደጋ አለው። ጨረር አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ሊገለብጥ ይችላል። 25 ዲግሪ የነበረው የባትሪ ሙቀት የላይኛዋ ቢት (128ን የምትወክለው) ብቻ ስትገለበጥ 153 ሆኖ ይነበባል። ኮምፒውተሩ ካመነው ባትሪው ተቃጠለ ብሎ ሁሉን ያጠፋል። ወሳኝ ቁጥሮችን ሦስት ቦታ አስቀምጡና ሁለቱ የተስማሙበትን ውሰዱ።

ፈጣን ፕሮሰሰር ፍለጋ ብራችሁን አትጨርሱ። የማርሷ ሮቦት ተሽከርካሪ የፐርሲቪራንስ ፕሮሰሰር ከፍተኛ ፍጥነቱ 200 ሜጋኸርዝ ነው። የተመረጠው ጨረር ስለሚችል ነው።

የመጨረሻው ስህተት፣ ደህና ሲሠራ ብቻ መሞከር ነው። አሁን ሐረጎ ከመውጣታችን በፊት ጠረጴዛ ላይ እያለች የሴንሰሩን ገመድ ሆን ብለን እንነቅላለን። ባለፈው ቅዳሜ ስንነቅለው ሁላችንም ሰዓት ይዘን ነበር። በስምንተኛው ሰከንድ መብራቷ ጠፋ፣ መልሶ በራ፣ የመጀመሪያው መልእክትም ስክሪኑ ላይ መጣ፦ «ሴንሰር 1 አይመልስም፤ ያለሱ ቀጥያለሁ»።