የጌም ቻናል ልትከፍቱ ካሰባችሁ የፒውዲፓይን መንገድ እዩት

የጌም ቪዲዮ መስራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፒሲና ስለ ካሜራ ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት ዩቲዩበሩ ፊሊክስ ሼልበርግ፣ ማለትም ፒውዲፓይ፣ የመጣበትን መንገድ እዩ እላለሁ። ስዊድናዊ ነው፣ ቻናሉን የከፈተው በ2010 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ በ2011 ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲን ትቶ ሆት ዶግ እየሸጠ ቪዲዮውን ቀጠለ፣ በ2013 ደግሞ በሰብስክራይበር ብዛት ከዩቲዩብ አንደኛ ሆነ። ትምህርት አቋርጡ ማለቴ አይደለም፣ እባካችሁ ጎን ለጎን ስሩት።

ጌም ስትመርጡ አትቸኩሉ። እሱን ያወጣው አምኒዥያ የሚባለው የሆረር ጌም ነው። እዛ ውስጥ ምንም መሳሪያ የላችሁም፣ ጭራቁ ሲመጣ ወይ መሮጥ ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ውጦ መጠበቅ ነው፣ እና ልጁ ሲጮህ፣ ሲሳደብ፣ ጨለማው ሲከብደው ከወንበርና ከሐውልት ጋር ወሬ ሲጀምር ሰዉ ጌሙን ረስቶ እሱን ማየት ያዘ። ስለዚህ እናንተም ስሜታችሁን ፊታችሁ ላይ የሚያወጣ ጌም ፈልጉ። የግድ ፊፋ ከሆነም ዝም ብላችሁ አትጫወቱ፣ ተጫዋቹን ለምን እንደቀየራችሁ፣ ጎሉ ለምን እንዳናደዳችሁ እያወራችሁ ተጫወቱ።

ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ለድምፅ አውጡት። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ከተንጫጫ ግን ወዲያው ይወጣል። የስልክ ኢርፎን ማይክም ለመነሻ ይሆናል፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ምረጡ፣ አንድ ደቂቃ ቅዱና አዳምጡት። ለመቅጃ ኦቢኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ነው።

ላይቭ ከመግባታችሁ በፊት የአፕሎድ ፍጥነታችሁን ለኩ። 5 ሜጋቢት ከሆነ ቢትሬቱን (በየሰከንዱ የምትልኩትን የዳታ መጠን) 3 አካባቢ አድርጋችሁ በ720 ፒክስልና በ30 ፍሬም ልቀቁት፣ ሙሉውን ከተጠቀማችሁት መቆራረጡ አይቀርም። ኔትወርኩ ካላስተማመነ ቀድታችሁ ማታ ጫኑት፣ ምንም ነውር የለውም።

ላይቭ ላይ ኤዲት እንደሌለም አስቡ። ፒውዲፓይ በ2017 ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም ላይቭ ሲጫወት ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ከአፉ ወጣ፣ ይቅርታ ቢጠይቅም የፋየርዋች ጌም ሰሪዎች በጌማቸው የሰራውን ቪዲዮ በኮፒራይት አስነሱበት። ስትናደዱ ማይኩን የምትዘጉበትን ቁልፍ አንድ ጣት የሚደርስበት ቦታ አድርጉት፣ ቻቱን የሚጠብቅ የምታምኑት ሰውም ይኑራችሁ።

ክፍያን በተመለከተ ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ለመክፈል 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4000 ሰዓት እይታ ይጠይቃል። የምትኖሩበት አገር ዩቲዩብ በሚከፍልበት ፕሮግራም ውስጥ መኖሩን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቭሎግ፣ ማለትም የራሳችሁን ኑሮ የምታሳዩበት ቪዲዮ፣ የሚመጣው ሰው እናንተን ከለመደ በኋላ ነው። ፒውዲፓይም በ2019 100 ሚሊዮን ሰብስክራይበር ካለፈ በኋላ፣ በ2022 ከባለቤቱ ከማርዚያ ጋር ጃፓን ገብቶ ነው ኑሮውን በደንብ ማሳየት የጀመረው፣ እና እነዛ የተረጋጉ ቪዲዮዎቹ ለኔ ከድሮዎቹ ይበልጣሉ። ብቻ ቤታችሁን ጠብቁ፣ ጃፓን ጠቅልለው ከመግባታቸው በፊት እዛ የገዙት ቤት በ2019 መጨረሻ ተዘርፏል። የግቢ በርና በመስኮት የሚታየውን ሰፈር አትቅረፁ፣ ካፌ ውስጥ የቀረፃችሁትንም ከካፌው ከወጣችሁ በኋላ ልቀቁት።