የሞንታኚታ ሰዎች ስፓኒሽ አልሰማ ሲለኝ የፈታሁበት መንገድ

በኢኳዶር የባሕር ዳርቻ ባለችው የሰርፍ ከተማ ሞንታኚታ ሰንብቼ ስፓኒሽ ስማር፣ አስተማሪዬ የምትለው ሁሉ ይገባኛል፤ ዓሣ አስጋሪዎቹና ባለሱቆቹ ሲያወሩ ግን አንድም ቃል ለይቼ መያዝ አልቻልኩም።

መጀመሪያ አንኪ በሚባለው የማጥኛ ካርድ መተግበሪያ ላይ ተጨማሪ ቃላት አጠናሁ። ለውጥ የለም፤ የማውቃቸው ቃላት እንኳ ያመልጡኝ ነበር። የስፔን ፖድካስትም ሞከርኩ፣ አልረዳኝም። ሰዎቹን ቀስ በሉልኝ ስላቸው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ።

ነገሩ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው። በዋና ከተማዋ ኪቶና በደጋው ጥርት ብላ የምትሰማው የክፍለ ቃል መጨረሻ «ስ»፣ እዚህ ዳርቻ ላይ እንደ «ህ» ትሳሳለች ወይም ጭራሽ ትጠፋለች። «ሎስ ፔስካዶስ» (ዓሣዎቹ) የነበረው «ሎህ ፔህካዎ» ሆኖ ይወጣል። ጆሮ ይህን ካልለመደ መዝገበ ቃላት ማብዛት ዋጋ የለውም።

የተከራየሁባቸው እናት ፈቅደውልኝ ስለ ምግብ አሠራር ሲያወሩ በስልክ ቀዳሁ። ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከፍቼ ጥቂት ሰከንድ መረጥኩና «ቼንጅ ቴምፖ» በሚለው ፍጥነቱን በ25 በመቶ ቀነስኩ። «ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች»ን አትንኩ፤ እሱ ድምፁንም ያወፍረዋል። እየደጋገምኩ የሰማሁትን ጻፍኩ፣ እሳቸው አረሙልኝ። ከዚያ ያልዘገየውን ድምፅ አንኪ ካርድ ፊት ላይ፣ የታረመውን ጽሑፍ ጀርባው ላይ አደረግኩ። ጆሮዬን የከፈተው ይህ ነው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ስለ ማዕበሉ ሲነጋገሩ እከተላቸዋለሁ።

ስትቀዱ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ውጭ ነፋሱ ያቺኑ የሳሳች «ህ» ይውጣታል።