የእንቅልፍ ክኒን ከመዋጥዎ በፊት ምን ያድርጉ?

ሐኪም ዞልፒዴም አዘዘልዎት እንበል። ክኒኑ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ሌሊት በኃይል ያንኮራፋሉ? ጉበትዎን ያምዎታል? እርጉዝ ነዎት ወይስ ያጠባሉ? በእንቅልፍ ልብዎ ተነስተው ሄደው ያውቃሉ? ይሄኛው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. በዞልፒዴምና በመሰሎቹ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው፣ ሰዎች ሳይነቁ ተነስተው ሲሄዱ፣ መኪና ሲነዱና ሌላም ነገር ሲያደርጉ ጉዳትና ሞት ስለደረሰ ነው። ጫት ከቃሙ ወይም ማታ ቡና ከጠጡም ይናገሩ። ምናልባት ክኒኑ ጭራሽ ላያስፈልግዎት ይችላል።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ የጭንቀት መድኃኒቱ ዳያዚፓምና አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖች ማደንዘዙን ያብሱታል፤ በተለይ ትራማዶልና ዳያዚፓም አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽ እስከማዳከም ይደርሳሉ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የዞልፒዴምን ኃይል ይቀንሳል። «አልሠራልኝም» ብለው በራስዎ ሁለት እንዳይውጡ።

የባለቤትዎን ክኒንም አይዋሱ። የሴቶች ሰውነት ዞልፒዴምን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ነው፤ ጠዋት መሪ ሲጨብጡ ገና ደማቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለዚህም ነው በ2013 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የሚመከረው የተለመደው ክኒን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም የወረደው። ለአረጋውያንም የሚመከረው 5 ነው።

ከዚያ ሰዓት ይቁጠሩ። ቢያንስ 7 ወይም 8 ሰዓት መተኛት አለብዎት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለሥራ የሚነሱ ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ላይ ይዋጡት። ሲገላበጡ አምሽተው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቢያምርዎት ግን የዛሬው ይቅር።

እራት በልተው ወዲያው አይውሰዱ፣ መሥራት ይዘገያል። ቢራም ሆነ ጠጅ፣ አረቄም፣ በዚያ ምሽት የለም።

ምድጃውን አጥፍተው፣ በሩን ቆልፈው፣ የመኪናውን ቁልፍ ለቤተሰብ ሰጥተው ሲጨርሱ አልጋዎ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይዋጡት። ወዲያው ይተኙ፤ «አንድ ስልክ ልደውል» ማለት የለም።

ጠዋት ቤተሰብ «ሌሊት ምን ስታበስሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅዎትና ምንም ትዝ ባይልዎት፣ ሁለተኛ ክኒን ሳይውጡ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ።