ጥቁር ያልኩት ዶቃ ጥቁር አልነበረም፦ የድሮ የቬኒስ ዶቃ ቀለም ሲያምታታ

በቅርቡ አንድ ክር የድሮ የቬኒስ ዶቃ ገዛሁ። ሻጩም እኔም «ጥቁር» አልነው። ማታ ቤት ገብቼ አንዷን ፍሬ የስልኬ መብራት ላይ ሳስቀምጣት፣ ቀዳዳዋ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለም ፈካ አለ። ደነገጥኩ። «ጥቁር» ብዬ አንድ ሳጥን ውስጥ ያጎርኳቸውን ሁሉ አውጥቼ እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ሳላሳልፍበት የዶቃ ቀለም አልናገርም። ከታች የምጽፋቸው እኔንም ያሳሳቱኝ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁር ይመስላል

አብዛኛው «ጥቁር» ብርጭቆ ሌላ ቀለም በዝቶበት የጠቆረ ነው። ማንጋኒዝ ሲበዛበት ወይን ጠጅ፣ ብረት ሲበዛበት ደግሞ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው። ወፍራም ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጥቁር መስሎ ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ እንደሚቀላው ማለት ነው።

ክፍሉን አጨልሙና ጠንካራ ባትሪ ከዶቃው ሥር ያዙ። የምታዩት መሃሉን አይደለም። የቀዳዳውን ጠርዝ ወይም የተሸረፈ ቦታ ፈልጉ፤ ብርጭቆው የሚሳሳው እዚያ ነው። እዚያም ምንም ካላለፈ ድፍን ጥቁር ብላችሁ መዝግቡት።

ቀይ ነው፤ ግን የትኛው ቀይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ዶቃ ስታገኙ ላዩን አይታችሁ አትወስኑ። በማጉያ መነጽር ጫፉን፣ በቀዳዳው በኩል እዩት። ሁለት ንብርብር ካለው ወሬው ያለው ከውስጥ ነው።

ላዩ ብርሃን የማያሳልፍ የሸክላ ቀይ፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ቀዩ የመጣው ከመዳብ ነው። ይህ ቀደም ያለው አሠራር ነው። አረንጓዴው ውስጡ ራሱ ጥቁር ሊመስል ስለሚችል የባትሪውን ዘዴ ድገሙት።

ላዩ እንደ ሮማን ፍሬ የጠራ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ግን በፈረንጆቹ ገበያ «ዋይት ሃርት» የሚባለው ነው። እኔ «ውስጠ ነጭ» እለዋለሁ። ከ1830ዎቹ ወዲህ ተስፋፍቶ ወደ አፍሪካ በብዛት ተጭኗል፤ እኛም አገር ገብቷል። በጥሩዎቹ ላይ ቀዩን የሰጠው ወርቅ ነው። ወርቅ ውድ ስለሆነ ቀዩ ብርጭቆ በስሱ ይለበጣል። ከሥሩ ያለው ነጭ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያወጣው ያ ስስ ቀይ ደምቆ ይታያል። በጣም የማደንቀው ብልሃት ነው።

የወርቁ ቀይ ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ከ1890ዎቹ ወዲህ የመጣው የሴሌኒየም ቀይ ወደ ብርቱካን ያደላል። ለመለየት ሁለት ሦስት ፍሬ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ለብቻው የታየ ቀይ ያሳስታል።

ገበያ ላይ ሰማያዊ ነበር፣ ቤት ስገባ አረንጓዴ ሆነ

ዶቃው አልተቀየረም። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተዘረጋ ዕቃ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ይስባል። የቤት አምፖል ደግሞ ወደ ቢጫ ይጎትታል። ይበልጥ የሚያምታታው ከመዳብ የተገኘው፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ መሃል ያለው ቀለም ነው። የኮባልት ሰማያዊ ጠንከር ያለ ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም። ከሸራው ውጡ፣ ጥላ ቦታ ቁሙ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት።

ፈዟል፣ አመድ መስሏል

መጀመሪያ ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ወዲያው ከወጣ ላዩ በመፋተግ ብዛት ተጭሯል ማለት ነው፤ ውሃው ጭረቱን ሲሞላው እውነተኛው ቀለም ይታያል። ለሮዜታ ይህ ወሳኝ ነው። ሮዜታ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙራኖ ደሴት ላይ የተጀመረ፣ ፈጠራው ለማሪያ ባሮቪየር የሚሰጥ፣ ኮከብ የሚያሳይ ዶቃ ነው። የጥንቶቹ ሰባት ንብርብር አላቸው። ሳይረጥብ ንብርብሩን መቁጠር ያስቸግራል።

ውሃውም ካልረዳ እድፍ ነው። ከደቡባችን የመጡ ዶቃዎች ላይ ቅቤና ቀይ አፈር ይኖራል፤ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን የሚቀቡት እሱን ነው። ነጩን ዶቃ ሮዝ አስመስሎ ያሳስታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ኮምጣጤም በረኪናም አትንኩ። ላዩ የሚላጥ ወይም የሚያልበው ዶቃ ካለ ግን ብርጭቆው ራሱ ታሟል፤ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት።

አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አበራ

የብር ኖት መፈተሻው መብራት ይበቃል። ደማቅ አረንጓዴ ካበራ ዩራኒየም አለበት። ዩራኒየም ብርጭቆ ውስጥ የተለመደው ከ1830ዎቹ ወዲህ ስለሆነ ዶቃው ከዚያ አይቀድምም። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ ማንጋኒዝም እንዲያ ያደርጋል። ካላበራ ስለ ዕድሜው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቀለሙ እጅ ላይ ቀረ

የብርጭቆ ቀለም ከብርጭቆው ጋር የቀለጠ ነው፤ አይለቅም። ጥጥ ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አድርጋችሁ ቀዳዳው አጠገብ አሹት። ጥጡ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ዶቃው የተቀባ ነው። ሳትከፍሉ የምትሞክሩት ከሆነ ሻጩን አስፈቅዱ።